«የሒሳብ ሠራተኛ ኮድ» ተባልኩ፤ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

33 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። አንድ ባንክ ውስጥ በቴለርነት ጀምሬ፣ በኋላ ሒሳብ ማስታረቅ ክፍል ብዙ ዓመት ሠራሁ። እዚያ እያለሁ ማታ ማታ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማርኩና ወደ አይቲ ተዛወርኩ። ሦስት ዓመት ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፎርምና ሪፖርት ስሠራ ቆየሁ። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ ዳታቤዝ። ደስተኛ ነበርኩ።

ዘንድሮ ባንኩ የክፍያና የብድር ሲስተሙን ሰርቪስ ወደሚባሉ፣ ለየብቻ እየሠሩ በኔትወርክ ወደሚነጋገሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች መከፋፈል ጀመረ። እኔም እዚያ ቡድን ውስጥ ተመደብኩ። አብረውኝ ያሉት ልጆች አብዛኞቹ በዕድሜ ያንሱኛል። ካፍካ፣ ኩበርኔትስ፣ ሳጋ እያሉ ሲያወሩ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ እንጂ ግማሹ አይገባኝም። ሦስት የቪዲዮ ኮርሶች ገዝቻለሁ፤ አንዱንም አልጨረስኩም። የአንዱን ኮድ መስመር በመስመር ገልብጬ ብጽፈው እንኳ ላፕቶፔ ላይ አልሠራም አለ። ማታ ልጄን አስተኝቼ ስቀመጥ ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ ወይ እኔ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ባለፈው ወር የጻፍኩት ኮድ ችግር ፈጠረ። የእኔ ሰርቪስ ለክፍያው ሰርቪስ ጥያቄ ይልካል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግሞ ይልካል። አንድ ቀን የክፍያው ሰርቪስ ዘገየና የጥቂት ደንበኞች ሒሳብ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ። በዚያው ቀን ተመለሰላቸው። ግን ቲም ሊደሩ ሁሉም በተሰበሰቡበት «ይሄ የሒሳብ ሠራተኛ ኮድ ነው» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ «ምን አስጨነቀሽ፣ ወደ ፋይናንስ ተመለሺ» ይለኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ «ሥራውን ልቀቂና የስድስት ወር የኦንላይን ትምህርት ተማሪ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ» ትላለች። ማስተርስ ልማር ብዬም አስባለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ረፍዶብኛል? ይሄ ነገር ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም ማለት ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከኮዱ ይልቅ ያሳዘነኝ በሰው ፊት የተባልሽው ነገር ነው። ስህተት ሲፈጠር መነጋገር ያለ ነው። የሰውን የቀድሞ ሙያ እያነሱ ማሳቅ ግን ሌላ ነው። ማልቀስሽ ደካማ አያሰኝሽም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ኮርስ ስትከፍቺ፣ ለመማር ነው ወይስ ለዚያ ሰው ለማሳየት? መልሱን ለራስሽ ያዢው። ንዴት ለጥቂት ቀን ጉልበት ይሰጣል፤ ወራት የሚፈጅ ትምህርት ግን በንዴት አይዘለቅም።

አሁን ወደ ተፈጠረው ነገር እንምጣ። እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። መልስ ሲጠፋ ደግሞ መላክ በራሱ ስህተት አይደለም፤ በኔትወርክ የሚገናኙ ሲስተሞች የሚያደርጉት ነገር ነው። የጎደለው፣ የክፍያው ሰርቪስ «ይሄን ጥያቄ ቅድም ሠርቼዋለሁ» ብሎ የሚለይበት መንገድ ነው። ገንዘብ የሚቀንስ ሰርቪስ ይህን መለየት ካልቻለ ዛሬ በአንቺ ኮድ ባይሆን ነገ በሌላ ሰው ኮድ ይፈነዳ ነበር። ኮድሽን ከመለቀቁ በፊት ያየልሽ ሰው ነበረ? «የክፍያው ሰርቪስ ቢዘገይስ?» ብሎ የሞከረ ሰውስ? ካልነበረ ክፍተቱ የቡድኑ ነው። የአንቺም ድርሻ አለበት፤ ያ ጥያቄ ቢደገም ምን እንደሚሆን ሳትጠይቂ ደግሞ እንዲልክ አደረግሽ። ድርሻሽን ተቀበዪ። የሌሎቹን ግን አትሸከሚ።

«ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም ወይ?» ላልሽው፣ እኔ የማስበው ተቃራኒውን ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

አንድ ፕሮግራምና አንድ ዳታቤዝ ሲኖርሽ ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ተሳክቷል ወይ አልተሳካም። መሀል ላይ ቢበላሽ ዳታቤዙ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልስልሻል። ሥራውን ለሁለት ማሽን ስታካፍዪው ሦስተኛ ውጤት ይመጣል፤ አይታወቅም። መልስ ካልመጣ ጥያቄው ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ ገና እየተሠራ ሊሆን ይችላል። ተሠርቶ አልቆ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ላኪው ከቆመበት ሆኖ ሦስቱን መለየት አይችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ይሄን የማያውቅ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ብር ትልኪያለሽ፤ ስልኩ ዝም ይላል፤ የማረጋገጫ መልእክት አይመጣም። ደግመሽ ትልኪያለሽ ወይስ ትጠብቂያለሽ? ልጆቹ ስብሰባ ላይ በትልልቅ ስም የሚያወሩት አብዛኛው ነገር የሚነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው።

እና አንቺ ሒሳብ ማስታረቅ ክፍል ምን ስትሠሪ ነበር? ሁለት መዝገብ አስቀምጠሽ የማይገጥመውን ስትፈልጊ። እጣው ያልታወቀ ብር ሲያጋጥምሽ ተንጠልጣይ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጠሽ እስኪጣራ ስትከታተዪ። ስህተት ስታገኚ ደግሞ የድሮውን መስመር አልደለዝሽውም፤ ተቃራኒ ምዝገባ አድርገሽ አስተካከልሽው እንጂ። ያ ያላወቅሽው «ሳጋ» ይሄው ነው። ሄክተር ጋርሲያ ሞሊና እና ኬኔት ሳሌም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ረጅሙን ሥራ በትናንሽ ደረጃዎች ክፈለው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚቀለብሰውን ሥራ አዘጋጅ፤ አራተኛው ላይ ከተበላሸ ሦስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን በተቃራኒ ምዝገባ እየቀለበስክ ተመለስ። ይሄ ለአንቺ አዲስ ነው? በእጅሽ ለዓመታት የሠራሽው ነው።

መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻሉበት ሌሊት ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ማስተካከል ብቻውን አልበቃም። የትኛው ብር ወደ ማን እንደሄደ ከመዝገብ አንድ በአንድ መለየትና ማስመለስ ነበረ። ይሄን ሥራ የሚያውቅ ሰው ኮድ መጻፍም ከቻለ ለማንኛውም ባንክ ትልቅ ሀብት ነው። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምነግርሽ።

ስለዚህ አንቺ የሚጎድልሽ መሣሪያዎቹን ማወቅ ነው እንጂ ችግሩን ማወቅ አይደለም። ኮርሶቹን ያልጨረስሽውም ሰነፍ ስለሆንሽ አይመስለኝም። አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመሣሪያው ነው። ካፍካን እንዴት እንደሚጫን ያሳዩሻል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አይነግሩሽም። ለምኑ የማይታወቅ ነገር ደግሞ ማታ ደክሞሽ አይገባሽም።

ገልብጠሽ አልሠራ ስላለሽ ኮድ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የኮርሱን ዓመት ተመልከቺ። በኮዱ አናት ላይ ያሉት የኢምፖርት መስመሮች «ጃቫክስ» ብለው ይጀምራሉ? ጃቫ ኢኢ የሚባለው የድርጅት ሶፍትዌር መሠረት እ.ኤ.አ. በ2018 ስሙ ጃካርታ ኢኢ ሆነ። በ2020 ደግሞ «ጃቫክስ» ይባሉ የነበሩት ክፍሎቹ «ጃካርታ» ተባሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 (በጃቫ ሰርቪስ መሥሪያ መሣሪያ ነው) አዲሱን ስምና ቢያንስ ጃቫ 17ን ይፈልጋል። የድሮ ኮርስ ከአዲስ ስሪት ጋር ስታገናኚ ኮዱ ገና ሳይነሳ ይወድቃል። ስንቱ ሰው እዚህ ላይ «እኔ አይገባኝም» ብሎ ትቶታል! ችግሩ ይሄ ከሆነ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ቢሯችሁ የትኛውን ስሪት እንደሚጠቀም ጠይቂና ላፕቶፕሽ ላይ ያንኑ ጫኚ።

ከዚያ ኮርሶቹን ለጊዜው ዝጊያቸውና ሁለት ትናንሽ ሰርቪስ ሥሪ። አንዱ ትዕዛዝ ይቀበል፤ ሌላው ሒሳብ ይያዝ። ሁለቱም በስፕሪንግ ቡት ይሁኑ፤ ለየራሳቸው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይኑራቸው። ትዕዛዙ ሒሳቡን «100 ብር ቀንስ» ይበለው፤ በአምስት ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግሞ ይላክ። በቃ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪበት። ይሄ ሲሠራ ማበላሸት ጀምሪ። የሒሳቡ ሰርቪስ ብሩን ቀንሶ ዳታቤዙ ላይ ካጸደቀ በኋላ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት አሥር ሰከንድ እንዲቆይ አድርጊው። ባለፈው ወር የደረሰብሽ ነገር እዚያው ጠረጴዛሽ ላይ ይደገማል። ደንበኛ አይጎዳም፤ የሚስቅም ሰው የለም።

አሁን አስተካክዪው። ትዕዛዙ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት አንድ መለያ ቁጥር ይስጠውና መዝግቦ ይያዝ። ደግሞ ሲልክ ያንኑ ቁጥር ይላክ እንጂ አዲስ አይፍጠር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሒሳቡ ሰርቪስ ደግሞ ቁጥሩን ብሩን በሚቀንስበት በዚያው ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚቀር የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ይመዝግብ። ቁጥሩ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ሁለቱን ለየብቻ ካደረግሻቸው፣ በመሀል ማሽኑ ቢጠፋ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። የታወቀ ቁጥር ሲመጣ ብር ሳይነካ የበፊቱን መልስ ይመልስ። ልጆቹ «አይደምፖተንት» የሚሉት ይሄንን ነው። አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢመጣ የአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ ይኑረው ማለት ነው።

ቀጥሎ የሒሳቡን ሰርቪስ ሥራ መሀል ላይ ግደዪው። ትዕዛዙ ምን ይሆናል? ጃቫ ላይ ብዙዎቹ የኤችቲቲፒ ክላየንቶች (ወደ ሌላ ሰርቪስ ጥያቄ የሚልኩት የኮድ ክፍሎች) ታይምአውት፣ ማለትም የመጠበቂያ ገደብ፣ ካልሰጠሻቸው መልስ እስኪመጣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አንዱ ሰርቪስ ሲዘገይ የሚጠብቁት ይበዛሉ፤ የጠባቂው ሰርቪስም አቅም ያልቅና እሱም ይወድቃል። ከዚያ ትዕዛዙን ራሱን ልኮ ሳይጨርስ ግደዪው። ሲነሳ «በመጠባበቅ ላይ» ያሉትን ፈልጎ በመለያ ቁጥራቸው ይጠይቅ። በመጨረሻም ሌሊት ሌሊት ሁለቱን ዳታቤዝ እያነጻጸረ የማይገጥመውን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፊ። እሱን ከቡድናችሁ ውስጥ አንቺን የሚያህል የሚጽፈው የለም ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ስትደርሺ ካፍካ ለምን እንደተፈለገ ይገባሻል። ሊንክድኢን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም የተለቀቀ ነው። ሰርቪሶች ፊት ለፊት ከመጠባበቅ መልእክታቸውን አንድ ቦታ እንዲያስቀምጡና ሌላው በራሱ ጊዜ እንዲያነበው ያደርጋል። ግን እዚህም ያው ጥያቄ ይከተልሻል። ዳታቤዙ ላይ ጽፈሽ መልእክቱን ሳትልኪ ማሽኑ ቢጠፋስ? መውጫው፣ መልእክቱን መጀመሪያ ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ዳታቤዙ ውስጥ ማስቀመጥና ሌላ ፕሮግራም እያነሳ እንዲልከው ማድረግ ነው። ያ ፕሮግራም አንዳንዴ አንዱን መልእክት ሁለቴ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ አሁንም መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ኩበርኔትስን ለጊዜው ተዪው። ብዙ ሰርቪስን በብዙ ማሽን ላይ የማስነሳትና የማስተዳደር ሥራ ነው። ባንካችሁ ውስጥ ይሄን የያዘ ሰው ይኖራል፤ ማን እንደሆነ ማወቅ አሁን ይበቃሻል።

የመብራቱና የኢንተርኔቱ ነገር ከባድ ነው፤ በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ይሄ ልምምድ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለቱም ሰርቪስ፣ ዳታቤዙም አንድ ላፕቶፕ ላይ ይሆናሉ። ሜቨን የሚባለው የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች (ዝግጁ ኮዶች) አንድ ጊዜ ካወረደ ላፕቶፕሽ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ በኦፍላይን ትዕዛዝ ትሠሪያለሽ። የፖስትግሬስን መመሪያም በፒዲኤፍ ቢሮ አውርደሽ ያዢው። ከመኝታ በፊት ሁልጊዜ መቀመጥም አይጠበቅብሽም። በሳምንት ሁለት ማታና ቅዳሜ ጠዋት ልጅሽን የሚይዝልሽ ሰው ቢገኝ፣ በየቀኑ ደክሞሽ ከምትከፍቺው ቪዲዮ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፒተር ዶይች ፕሮግራመሮች በስህተት እውነት ነው ብለው የሚነሱባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የመጀመሪያው «ኔትወርክ አስተማማኝ ነው» የሚል ነበር። አንቺ ይሄን ስህተት ለመሳሳት ዕድሉም የለሽም፤ በየማታው የምታዪው ነገር ነው።

ሥራ መልቀቁን አልመክርሽም። እውነተኛ ጭነት፣ እውነተኛ መዘግየት፣ እውነተኛ ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ያለው አሁን ካለሽበት ቦታ ነው። የስድስት ወር ኮርስ ይሄን አይሰጥሽም። ማስተርሱ መልካም ነው፤ ከዓመት በኋላ ብታስቢበት ግን ምን ልትጠይቂ እንደምትገቢ ታውቂያለሽ። እስከዚያ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ማሽን ላይ ተከፋፍለው ስለሚሠሩ ሲስተሞች የሚሰጠውን ትምህርት ሌክቸሮች በነፃ አስቀምጧል። መልመጃዎቹ ጎ በሚባል ቋንቋ ስለሆኑ ለጀማሪ ይከብዳሉ፤ ከላይ ያልኩሽን ከሠራሽ በኋላ ብትከፍቻቸው ይሻላል።

እህትሽን አመስግኛትና በዚያ ብር በቂ ራም ያለው ላፕቶፕና ለመብራት መጥፋት የሚሆን ባትሪ ትግዛልሽ። 16 ጂቢ ራም ካገኘሽ ዳታቤዙንም ካፍካውንም አብረሽ ታስነሺያለሽ። ባለቤትሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂው። «ተመለሺ» የሚለው አትችይም ብሎ ነው ወይስ ስታለቅሺ አይቶ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ምን እንደምትሠሪ በቀላል ቋንቋ አስረጂው። ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን እንዲይዝ የምትጠይቂውም እሱን ነው። ወደ ፋይናንስ መመለስ ነውር የለበትም። በዚህ ስሜት ውስጥ ሆነሽ ግን አትወስኚ። ለራስሽ ስድስት ወር ስጪና ያኔ ሥራውን ወደድሽው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ቻልኩ ወይ ብለሽ ሳይሆን ወደድኩት ወይ ብለሽ።

ከቲም ሊደሩ ጋር ግን መነጋገር አለብሽ፤ ለብቻው። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ጻፊ። ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ሁለት ጊዜ ተቀነሰ፣ የክፍያው ሰርቪስ ላይ ምን ቢጨመር አይደገምም። የማንንም ስም አታንሺ። ገጹን ስጪውና ይሄን የሚመስል ነገር በዪው፦ «ስህተቱ ላይ ድርሻ አለኝ፤ መፍትሔውን እኔ ልሥራው። ያን ቀን በሰው ፊት ያልከኝ ግን ጎድቶኛል። ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ንገረኝ።» ብዙ ሰው እንዲህ በቀጥታ ሲነገረው ይመለሳል። ካልተመለሰና ከደገመው የሰው ኃይል ክፍል አለ፤ ሌላ ቡድንም አለ። እሱ ስለማያከብርሽ ሙያውን መተው የለብሽም።

ስብሰባ ላይ ጭንቅላት መነቅነቁንም ቀስ እያልሽ ተዪው። በየስብሰባው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ከዚያኛው ሰርቪስ መልስ ባይመጣ ምን እናደርጋለን?» የሚመልስ ከተገኘ ትማሪያለሽ። ካልተገኘ ደግሞ ቡድኑ ያላየውን ነገር አሳይተሻል። ከልጆቹ መሀል ደግ የሚመስልሽን አንዱን ምረጪና ዶከርን (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ ማስነሻ መሣሪያ ነው) አሳየኝ በዪው። አንቺ ደግሞ የቀን መዝጊያ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራና ተንጠልጣይ ሒሳብ ምን እንደሆነ አስረጂው። ባንክ ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ብዙ ወጣቶች ይሄን የሚነግራቸው ሰው አጥተዋል።

ገጹን መጻፍ የምትችዪው ዝርዝሩ ከአእምሮሽ ሳይጠፋ፣ ሎጎቹም ከሰርቨሩ ሳይሰረዙ ነው። ብዙ ቢሮ ሎግን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ነገ ስትገቢ መጀመሪያ የዚያን ቀን ሎግ እንዲቆይልሽ ጠይቂ።